ዳር ላይ ማን አለ? የአንባቢያን ጥያቄና የእኛ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሐይቅና ስለ ባሕር ዳርቻ የሚያሳስባችሁን ነገር ጻፉልን ብለን ነበር። ጻፋችሁ። እንዲህ ይበዛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከጣና ዙሪያ ብቻ የመጣው አንድ እትም ይሞላል። ሰባቱን መርጫለሁ። አንዳንዱን ረዘም፣ አንዳንዱን አጠር አድርጌ መልሻለሁ። ስም አናወጣም፣ የመጣበትን ቦታ ብቻ ነው የምንጠቅሰው።

«ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ሐይቁ አጠገብ ነው። ከእኛ አለፍ ብሎ አንድ ባለሀብት ሎጅ ሊሠራ ደንገሉን አሳጭዶ ገረጋንቲ እያስደፋበት ነው። ስንጠይቅ ‹ይሄ እኮ ረግረግ ነው፣ ትንኝ ከማፍራት ሌላ ምን ይሠራል፣ እኛ እያሳመርነው ነው› ይሉናል። የእውነት ጉዳት አለው ወይስ እኛ ነን የምናካብደው?» ከባሕር ዳር

አላካበዳችሁም። እንዲያውም ሰውዬው ሳያውቀው ከዳርቻው ሁሉ በጣም ስስ የሆነውን ቦታ መርጦ ነው የደፋው።

አሜሪካኖች ዘይት ቢፈስበት ምን ያህል እንደሚጎዳ እያዩ ዳርቻን ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጡበት ካርታ አላቸው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ኢክስቶክ አንድ የሚባል የሜክሲኮ ነዳጅ ጉድጓድ ባሕር ውስጥ ፈነዳ፤ ድፍድፉ ወደ ቴክሳስ እየተንሳፈፈ መጣ። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ቦታ ማዳን እንደማይቻል ስለገባቸው ዘይቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቁጭ ብለው «የቱን ቀድመን እንከላከል?» የሚለውን ካርታ ሣሉ። ያ አሠራር ዛሬም አለ፤ ለሐይቅም ይሠራበታል። 1 የሚሰጠው ሞገድ ፊት ለፊት የሚመታው ቋጥኝ ነው። ቢቆሽሽም ሞገዱ ራሱ ያጥበዋል። አሸዋ መሀል ላይ ነው። ጠጠር ከአሸዋ ይብሳል፣ ዘይቱ በጠጠሩ መሀል ሰርጎ ቁልቁል ስለሚገባ። 10 የሚሰጠው ለማን ነው? ለረግረግ። ውኃው ይተኛል፣ የገባው ነገር አይወጣም፣ ውስጡ ያለው ፍጥረት ደግሞ መሸሻ የለውም።

ስለዚህ «ረግረግ እኮ ነው» ማለት በዚያ መለኪያ «አስሩን ነው የደፋሁት» እንደማለት ነው።

ደንገል ምን ይሠራል ላላችሁት፣ ከወንዝና ከጎርፍ የመጣውን ደለል ይይዛል፤ ሞገድ ያበርዳል፤ ለትንሽ ዓሣ መደበቂያ፣ ለወፍ መኖሪያ ነው። ታንኳውም የሚሠራው ከእሱ ነው። ጣና ሲያዩት ባሕር ይመስላል እንጂ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምስት ፎቅ ቤት አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ደለል አይችልም። ገረጋንቲው ደግሞ በጋውን እዚያው ይቆያል፤ ክረምት ሲገባ ግን ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው። ደንገሉ የያዘው ሞገድም ስለማይጠፋ የሚቀጥለውን ሰው ግቢ መብላት ይጀምራል። ማለትም የእናንተን።

ትንኙስ? ትንኝ የለም ብዬ አልዋሻችሁም፣ ረግረግ ውስጥ አለ። ግን ወባ የምታስተላልፈዋ ትንኝ እኛ አገር አብዝታ የምትወደው ፀሐይ የሚመታውን፣ ጥልቀት የሌለውን፣ ለጊዜው ያቆረ ውኃ ነው። የገልባጭ መኪና ጎማ የረገጠው ጉድጓድ። አፈር የተቆረሰበት ቦታ። ሰውዬው ትንኝ አጠፋለሁ ብሎ መኪና ባመላለሰ ቁጥር ለትንኟ ቤት እየሠራላት ነው!

ምን እናድርግ ላላችሁት፣ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ በተለያየ ቀን፣ ሁሌ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ። ዛፍ ወይም ምሰሶ የመሰለ የማይነቃነቅ ነገር ፎቶው ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ «ይሄ ሌላ ቦታ ነው» ትባላላችሁ። ቀጥሎ በቃል አትክሰሱ፣ ጽፋችሁ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው «አንተን ምን አገባህ፣ ምን ጉዳት ደረሰብህ» ሳይባል ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል ብሎ ነው የደነገገው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወደ ፍርድ ቤት የመሄጃ በርም ከፍቷል። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው እንዲጠበቅ የተከለለ ቦታ፣ መሆኑንም ማመልከቻው ላይ ጣል አድርጉበት። ይሄ ብቻውን ማሽን አያስቆምም፣ ግን ማመልከቻው መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ያግዛል።

«አባቴ ፎገራ ባህር ሸሽ ያርሳል። እኔ በእምቦጭ ዘመቻ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ነቅለን ከምረን ስንመለስ ደስ ብሎን ነበር። በዓመቱ ያው ነው፣ ጭራሽ ብሶ። በቃ ተስፋ የለውም ማለት ነው? ደግሞ ለምን እኛ ጋ ብቻ?» ከወረታ

እምቦጭ፣ ያ ተንሳፋፊ አረም፣ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ በሰሜኑ በኩል፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ። ለምን እዚያ? መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከደጋ የታጠበ አፈር ያመጣሉ፣ ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከከተማ ፍሳሽ። በዚያ ላይ ዳርቻው ሜዳ ነው፣ ውኃው ስስ ነው። እምቦጭ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፤ የተደገሰለት ሠርግ ላይ ነው የመጣው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ዘመቻችሁ። ክፋት የለውም፣ ግን ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛ ክምሩ የተቀመጠበት ቦታ። ዳር ላይ ከምሮ መሄድ ማለት ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ሲመጣ መልሶ እንዲወስደው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ዘሩ ነው። አበባው አምሮ፣ ያ ሐምራዊ ነገር ፎቶ ሊያስነሳ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ዘመቻው የሚወጣው ያኔ ነው። ያኔ ደግሞ ዘሩ ረግፏል። ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሊበቅል ይችላል። ሐይቁ ሸሽቶ እርጥብ ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ዘሩ ይነቃል። የአባትህ ማሳ ማለት ነው! ስለዚህ ባህር ሸሽ የሚያርስ ገበሬ ከማንም በፊት ችግኙን ያያል። ገና ጣት ሲያክል፣ አንድ ሰው በእጁ ነቅሎ በሚጨርሰው ጊዜ። ከሺህ ሰው ዘመቻ ይልቅ ያን ሳምንት የሚያውቅ አንድ ገበሬ ይሻላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌላም ነገር ልጨምር። ዜና ላይ ሁሌ «ይህን ያህል ሄክታር ተሸፈነ» ነው የሚባለው። ሄክታሩ የሚያሳየው ስፋቱን ብቻ ነው። ሃምሳ ሄክታር ሐይቁ መሀል ቢንሳፈፍ አንድ ነገር ነው። ያው ሃምሳ ሄክታር በነሐሴ የጉማራ አፍ ላይ ቢዘጋ ሌላ። ጣና ውስጥ ባርበስ የሚባሉ ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በክረምት ወንዝ ሽቅብ ወጥተው ነው እንቁላል የሚጥሉት። ያን ጊዜ የወንዙ አፍ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር፣ እምቦጭም ሆነ መረብ፣ የወላጆቹን መንገድ ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ መረብ ከመከልከል እነዚያን ወራት ወንዝ አፍ ላይ ብቻ መከልከል የሚሻለው ለዚህ ነው። ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፣ አስጋሪዎች ቢቆጡኝ እሰማለሁ።

ተስፋ የለውም ወይ ላልከው፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከዚህ ብሶ ነበር። ከነቀዝ ወገን የሆነች እምቦጩን ብቻ የምትበላ ትንሽ ጢንዚዛ ለቀውበት፣ የዚያን ጊዜው ማዕበልና ዝናብም አግዞ፣ በእጅጉ ቀነሰ። ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሽቅብ ያለው አፈርና ፍሳሽ እየወረደ ከሐይቁ ላይ ብቻ መልቀም ጣራው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው።

«አርባ ምንጭ ተማሪ ነኝ። መመረቂያ ጽሑፌ የጫሞ ዳርቻ የአካባቢ ሥጋት ግምገማ ነው። አማካሪዬ ‹የመከሰት ዕድል ከ1 እስከ 5፣ የጉዳት መጠን ከ1 እስከ 5፣ አባዛው› ብሎኛል። አባዛሁት። ሁሉም ነገር መካከለኛ ሆኖ ወጣብኝ። ምን አጠፋሁ?» ከአርባ ምንጭ

ምንም አላጠፋህም፣ ሠንጠረዡ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እኔም ስንት ጊዜ አጃጅሎኛል።

እስቲ አስበው። የጀልባ ሞተር ዘይት በየቀኑ ጠብ ጠብ ይላል። ዕድሉ 5፣ ጉዳቱ 1፣ ውጤቱ 5። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ከመንገድ ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ ቢገባ ዕድሉ 1፣ ጉዳቱ 5፣ ውጤቱ ያው 5። እኩል ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው መካኒክና ደንብ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው በአንድ ቀን አሥር ዓመት የሚያበላሽ ነገር ስለሆነ ቀድሞ የተዘጋጀ ገመድ፣ ቦታና ሰው ይፈልጋል። ብዜቱ ይሄን ልዩነት ይውጠዋል። ስለዚህ አባዛ፣ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ተዋቸው፣ ውጤቱን ብቻ አታሳይ።

አማካኝ መውሰድም ተወው። ዳርቻውን በአምስት ከፍለህ አንዱ 10፣ አራቱ 2 ቢያገኙ አማካኙ 3.6 ነው። «ዝቅተኛ ሥጋት» ብለህ ልትጽፍ ነው! ያ አሥር ያገኘው ቦታ ግን አዞዎቹ እንቁላላቸውን የሚቀብሩበት አሸዋ ቢሆንስ? የአዞ ገበያን፣ አዞዎቹ ተሰብስበው የሚታዩበትን ቦታ፣ ያለ እሱ እኮ አታገኘውም። ከፍተኛውን ቁጥር ያዝ፣ ካርታው ላይ በቀይ አሳየው።

ከዚያ አንድ ዓምድ ጨምር፣ ወር የሚል። ዳርቻ በጥር እና ዳርቻ በሐምሌ ሁለት ቦታ ነው። እንቁላል ያለው መቼ ነው? ዓሣው ወደ ዳር የሚመጣው መቼ? ወፉ የሚያርፈው መቼ? ጎርፉስ? መልሱ ያለው አስጋሪዎቹ ጋ ነው። ሂድና አብረሃቸው ቁጭ በል፤ መጠይቅ ይዘህ አይደለም፣ ካርታ ይዘህ። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግተህ «እስቲ አሳዩኝ» በል። ወረቀት ስትሰጣቸው ዝም የሚሉ ሰዎች ካርታ ላይ ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቁን ጻፈው፣ ጥሩው ነገር እዚያ ውስጥ ነው።

ይሄን የምልህ ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ጣና ዳር ሊሠራ ስለታሰበ ነገር። አማካሪ ድርጅቱ ወፍራም ሪፖርት ይዞ መጣ፣ ባለ ቀለም። አቅራቢው የዓሣ ዝርዝር እያነበበ ናይል ፐርች ሲል ኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይሄን ዓሣ ከየት አመጣኸው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ናይል ፐርች እናንተ ጋ ጫሞ ነው ያለው፣ ጣና ውስጥ የለም። ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ አልወጣም። ሪፖርቱ ኮፒ ፔስት ነበር! ሰውዬው ሐይቁን አይቶት እንደሆነ እስካሁን እጠራጠራለሁ። ያ ሁሉ ሠንጠረዥ፣ ያ ሁሉ ብዜት፣ እዚያ የሌለ ዓሣ ሊያድን።

«የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። የመን ዳር ቆሞ የነበረው አሮጌ መርከብ ነዳጁ ተገለበጠ ሲባል ሰማሁ። በቃ አደጋው አለፈ? ደግሞስ ባሕር የሌለን እኛ ምን አገባን?» ከድሬዳዋ

ሁለተኛውን ልቀድም። ወንድሜ፣ አንተ ከምታመላልሰው ዕቃ ጀምሮ ከአገራችን የውጭ ንግድ ከዘጠና በመቶ የሚልቀው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ባሕሩ የእኛ ባይሆንም ገበያችን እሱ ላይ ነው።

መርከቡ ሴፈር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራ ታንከር ነው፣ ኋላ ነዳጅ ማከማቻ አድርገው ከሆዴይዳ ወደ ሰሜን ራስ ኢሳ ላይ አሰሩት። 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ሆዱ ውስጥ እያለ በየመን ጦርነት ምክንያት ከ2015 ወዲህ ጥገና ቆመ። በ2020 የሞተሩ ክፍል ውኃ ገባበት። ሰው ሁሉ የፈራው የያዘው ነዳጅ አላስካ ላይ ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለው ታንከር በ1989 ካፈሰሰው አራት እጥፍ ስለነበረ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሌላ መርከብ ገዝቶ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 11፣ 2023 እ.ኤ.አ. ነዳጁን አሻገረው። ሥራው ሁሉ የተገመተው 143 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቢፈስ ኖሮ ለማጽዳት ብቻ 20 ቢሊዮን። ለሞተር ዘይት መቀየሪያ ሰስቶ ሞተር የሚያስበላ ባለ መኪና ታውቅ የለ? ዓለምም ይሄን ገንዘብ ለማዋጣት ዓመታት አንገራግሯል።

አለፈ ወይ? ነዳጁ አልተነነም፣ እዚያው አጠገቡ አዲሱ መርከብ ላይ ተገለበጠ እንጂ። የመፍሰስ ዕድሉ በጣም ቀነሰ፣ ቢፈስ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው። ለተማሪው እንዳልኩት ሁለቱን ለይቶ ማየት ደግ ነው።

ለአንተ የሚገርምህ የንፋሱ ነገር ይመስለኛል። የደቡቡ ቀይ ባሕር ንፋስ በዓመት ውስጥ አቅጣጫ ይቀይራል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነፍሳል፤ በእኛ ክረምት ወራት ደግሞ ተገልብጦ ወደ ደቡብ። ስለዚህ ያው መርከብ፣ ያው ነዳጅ፣ በጥር ቢፈስ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፣ ወደ ሳዑዲ በኩል፣ የባሕር ውኃ አጣርተው የሚጠጡ ከተሞች ወዳሉበት። ጅዳ ያሉ እህቶቻችን ከቧንቧ የሚቀዱት ውኃ ከባሕር ነው የሚመጣው። በሐምሌ ቢፈስ ደግሞ ወደ ባብ ኤል መንደብ፣ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ማለት ወደ ጅቡቲ በኩል። «አደጋው ምን ያህል ነው?» ብለህ ስትጠይቅ ባለሙያው «በየትኛው ወር?» ካላለህ አትመነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ መጣ። በ2024 ሩቢማር የምትባል መርከብ በሚሳይል ተመትታ 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ ይዛ ሰመጠች። ማዳበሪያ ባሕር ውስጥ እንደ እምቦጩ ታሪክ ነው፤ አልጌን ያወፍራል፣ ኮራልን ያፍናል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ሱኒዮን የምትባል ታንከር 150 ሺህ ቶን ያህል ድፍድፍ ይዛ ተቃጠለች፤ ደግነቱ ጎትተው አዳኗት። ስለዚህ አለፈ ማለት ይከብዳል። አንዱ አለፈ።

«እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ባሕሩ ሬንጅ የተፋ ጊዜ እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር ወጥቼ ለቅሜ ነበር። አሁን አንዱ ‹እናንተ ያኔ ከጠቀማችሁ ይልቅ የጎዳችሁ ይበልጣል› አለኝ። ቅር አለኝ።» ከአሽዶድ

ቅር አይበልሽ እህቴ። ከእስራኤል 190 ኪሎ ሜትር ዳርቻ 160ው ተበክሎ ሳለ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባይወጣ ያ ሬንጅ በፀሐይ ቀልጦ አሸዋው ውስጥ ይገባ ነበር። የባሕር ኤሊዎች እዚያ እንቁላል የሚጥሉት ከግንቦት ጀምሮ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት መጽዳቱ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የሆነው።

ሰውዬው ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። አላስካ ላይ ያ የ1989ኙ ዘይት ሲፈስ ድንጋዩን በሙቅ ውኃ በኃይል አጠቡት፤ ዘይቱ ወጣ፣ አብሮ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ፍጥረት ሁሉ ተቀቀለ። በኋላ ሲያጠኑት ከታጠበው ቦታ ይልቅ የተተወው ቶሎ አገገመ። አሸዋ ላይ በእጅና በወንፊት መልቀም ደህና ነው። ድንጋዩ ላይ ያለውን መፋቅ፣ ረግረግ ውስጥ በቦቲ መግባት ግን ለሚያውቅ ሰው የሚተው ነው፤ እግር ዘይቱን ወደታች ይረግጠዋል። ደግሞ ለራስሽ። ያኔ ሽታውን ስበው ሐኪም ቤት የገቡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ሁለተኛ ቢመጣ፣ አይምጣ እንጂ፣ ጓንትና ማስክ ሳትይዢ እንዳትወጪ።

«አሰብ ነው የተወለድኩት። ልጅ ሆነን ግመሎች ባሕር ውስጥ ገብተው የሚበሉት ዛፍ ነበር። አሁን ሁሉም ማንግሮቭ እንትከል ይላል። ዝም ብሎ የትም ይተከላል እንዴ?» ከስቶክሆልም

የሚበሉት ራሱ ማንግሮቭ ነው። ሥሩ ከጭቃው ሽቅብ እንደ ጣት ይወጣል፣ በእሱ ነው የሚተነፍሰው። ዘይት ሲመጣ እነዚያን ጣቶች ይሸፍናል፣ ዛፉ ታፍኖ ይሞታል። ከላይ ባነሳሁት የአሜሪካኖቹ ካርታ እሱም 10 ያገኘው ለዚህ ነው።

የትም አይተከልም። እዚያው ኤርትራ፣ ምፅዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ ጎርደን ሳቶ የሚባሉ የባዮሎጂ ሊቅ ሠርተውበታል። ጃፓን አሜሪካዊ ነበሩ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በልጅነታቸው ታስረው በነበሩበት ካምፕ ስም ሥራውን ማንዛናር አሉት። ማንግሮቭ ለምን እዚህ አለ፣ እዚያ የለም ብለው አዩ። ጎርፍ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ሰው ጣፋጭ ውኃ ፈልጎ ነው ይል ነበር። እሳቸው አይደለም፣ ጎርፉ የሚያመጣውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ፈልጎ ነው አሉ። ማዳበሪያ በከረጢት፣ አጠገቡ ቁራጭ ብረት ቀበሩለት፣ በረሃው ዳር ላይ በመቶ ሺዎች አበቀሉ። ቅጠሉን ለፍየል አበሉ። ያን ግን ያደረጉት ባዶ በነበረ ዳርቻ ላይ ነው። የባሕር ሣር ባለበት፣ ወፍ ጭቃውን ቆፍሮ በሚለቅምበት ቦታ ላይ ማንግሮቭ መትከል አንዱን መኖሪያ ለሌላ መኖሪያ መሠዋት ነው። መጀመሪያ ማን እዚያ እንዳለ ይታይ።

«ዕድሜዬ 11 ነው። ጉማሬ ለምን እምቦጩን በልቶ አይጨርስልንም?» ከጎርጎራ

ጎበዝ! ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይተኛል እንጂ ምግቡ በዋናነት የየብስ ሣር ነው። ሲመሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ ይግጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። በአንድ ሌሊት አርባ ኪሎ ገደማ ሣር ሊበላ ይችላል። እምቦጩን ቢቀማምሰው እንኳ አይጨርሰውም፣ እሱ ሲበላ እምቦጩ ይበልጥ ይበቅላል። አንተ ግን የሚወጣበትን መንገድ ተመልከት፣ ሣሩ ላይ ተደልድሎ ታገኘዋለህ፣ ሁሌ በዚያው ነው። ያን መንገድ ሰው ካጠረበት ወይም ካረሰበት ጉማሬው ሌላ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሰው በቆሎ ነው። ሲመሽ ብቻ እንዳትጠጋው፣ ከውኃውና ከእሱ መሀል እንዳትቆም። ለጓደኞችህም ንገራቸው።